የእጅጌው ልክ

አባቴ ሰውን በስንዝር ያውቅ ነበር። ዓይኑ ደህና በነበረበት ዘመን እንኳ ሜትሩን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ለወግ ያህል ነው። ደንበኛ ገና ደጁን ሲረግጥ «የእርስዎ ቀኝ ትከሻ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል፤ ጥጥ እንጨምርበታለን» ይላል። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ደግሞ እጁን ሰው ትከሻ ላይ ጣል ያደርግና ስንዝሩን ዘርግቶ የማን እንደሆነ ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም።

እኔና ወንድሜ መንታ ነን። እሱ ቀድሞ፣ ግዙፍ ሆኖ ወጣ፤ እኔ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ እንደተረሳ ነገር ተከተልኩ። አባዬ በዚያው ቀን እሱን «ጣቃ»፣ እኔን «ብጣሽ» አለን። ጣቃ መቀስ ያልነካው ሙሉ ጨርቅ ነው። ብጣሽ ተቆርጦ ወለል ላይ የሚወድቀው ነው።

«ልጅ ነው የወለድኩልህ ወይስ ጥራጊ?» ትለው ነበር እናቴ።

«ብጣሽ ባይኖር ኪስ በምን ይሰፋል?» ይላታል። ትስቃለች፤ ስሞቹም በዚያው ቀሩ።

ሁለታችንም ስፌት ከእሱ ተማርን። ቤታችን ክር አይቋጠርም፤ ስንጨርስ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ሰፍተን እንበጥሳለን። በሌላ ሰፊ እጅ አይቼው አላውቅም። የእኔና የአባዬ ስፌት ወደ ግራ ያጋድላል። ጣቃ ግራኝ ስለነበረ የእሱ ወደ ቀኝ ያጋድላል። በሃያ ዓመቱ «እኔስ ዕድሜዬን ተቀምጬ አልጨርስም» ብሎ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ።

«ሹፌር ቆሞ ነው የሚነዳው?» አለው አባዬ። ግን ለመንገዱ የሚሆን ወፍራም ኮት፣ የበግ ጠጉር ኮሌታ ያለው፣ በእጁ ሰፋለት።

ባለፈው ዓመት አባዬን ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል አልጋ ላይ ዋለ። ሐኪሙ «ድንጋጤ እንዳይነካው፤ ሁለተኛውን አይችለውም» አለን። ይህን በነገረን በሦስተኛው ሳምንት የጣቃ መኪና ከተራራ መንገድ ስታ ገደል ገባች። ቀኑ ሞቃት ስለነበር ኮቱን ቤት ትቶት ነበር የሄደው። ሩቅ አገር ቀብረነው ስንመለስ እናቴ ጥቁሯን ከደረጃው ሥር አወለቀች፤ የቤት ቀሚሷን ለበሰች፤ ፊቷን ታጠበችና ወደ አባዬ ወጣች።

ስትወርድ «ቅዳሜ ጣቃ ይመጣል ብዬዋለሁ» አለችኝ።

«እንዴት አድርጎ?»

«አንተ ትመጣለህ።»

ድምፃችን አንድ ነው፤ ስልክ ላይ እሷም ትሳሳት ነበር። እጃችን ግን አንድ አልነበረም። የእሱ መሪ ያሻከረው ነው፤ የእኔ መርፌ ያለሰለሰው። ክንዴም ከእሱ ክንድ በሁለት ጣት ይረዝማል።

«ቢያውቀኝስ እማዬ? ምርቃት ስጠብቅ እርግማን ይዤ እንዳልወርድ።»

«እርግማኑ በእኔ ይሁን።»

«ይሄን ከመጽሐፉ ነው ያመጣሽው።»

«ታዲያ ከየት ላምጣ?» አለችና የኮቱን እጅጌ መፍታት ጀመረች። እጥፋቱን በሁለት ጣት ለቅቃ መልሳ ሰፋችው። መዳፌን በጨውና በአመድ አሸችው፤ የእጅጌው ጠርዝ ላይ ናፍጣ ጠብ አደረገችበት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ደረጃውን እንደ ወንድሜ ረግጬ ወጣሁ፤ ከአልጋው በስተቀኝ፣ ደህናው እጁ ባለበት በኩል፣ ጣቃ በሚቀመጥበት ወንበር ተቀመጥኩ። አባዬ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ስንዝሩን አልዘረጋም። አውራ ጣቱ ብቻ በክንዴ ወርዶ የእጅጌውን ጠርዝ ዳሰሰ፤ እዚያም ቆየ።

«መንገድ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው አባዬ።»

«ናፍጣው በዛ» አለ። «ሰው ናፍጣ ይነዳል እንጂ ናፍጣ አይታጠብም።»

ሳቅሁ። እንደ ጣቃ ነበር የሳቅሁት፤ ጉሮሮዬ ውስጥ ያ ሳቅ የእኔ አልመስል አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ በራሴ ስም ውኃ ይዤለት ወጣሁ። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው በስተግራው ነው።

«ወንድምህ አሁን ወጣ» አለኝ። «ደረጃው ላይ አልተገናኛችሁም?»

ደረጃችን አንድ ነው፤ አሥራ አራት እርከን አለው፤ የሚነሳውም ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ነው። ከጠዋት ጀምሬ ከዚያ አልተነሳሁም። ግን ቅዳሜ ግድግዳ አስደግፌው የወረድኩት የጣቃ ወንበር አልጋው ጥግ ነበር፤ ሽራፊ እግሩ ወደ አባዬ ዞሮ።

ወረድኩ። ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር ወገቡ እስኪሰፋለት ሱሪውን ሰጥቶኝ፣ ሽርጤን አገልድሞ ተቀምጧል።

«መምህር፣ በዚህ ሰው ወርዷል እንዴ?»

«እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ የወረደ ነገር ቢኖር ሱሪዬ ብቻ ነው» አለኝ።

እናቴ «ሽማግሌ ነው፤ ሐሳቡ ሲሄድ ነው» አለች። እኔም እንደዚያ ለማሰብ ፈለግሁ። አርብ ዕለት ግን ኮቱን ለማዘጋጀት ከቁም ሳጥኑ ሳወጣው እጅጌዎቹ አጥረዋል። በሁለት ጣት። እናቴ የለቀቀችው እጥፋት ተመልሶ ታጥፏል።

«እማዬ፣ መልሰሽ አጠፍሽው?»

«እኔ? ያን ሁሉ ፈትቼ? ምን ነካህ?»

ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነበር። ቋጠሮ የለውም፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ተመልሶ ተበጥሷል። እንዲህ የምንሰፋ ሦስት ነን። አባዬ ጨርቁን የሚይዝበት እጅ ሞቷል። እኔ አልሰፋሁትም። ስፌቱ ደግሞ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነበር።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ፈታሁት፤ አስረዘምኩት፤ በእኔው ስፌት፣ ወደ ግራ በሚያጋድለው፣ ሰፋሁት። በሚቀጥለው አርብ አጥሮ አገኘሁት። ሦስተኛውም አርብ እንደዚያው። የፈታሁትን ክር አልጣልኩም፤ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አኖርኩት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ቀፎውን ስከፍተው ናፍጣ ይሸት ነበር፤ ይህ ከኮቱ የተጋባ ሊሆን ይችላል።

የወንድሜን መምጣት ፈርቼ ነበር ብል ግማሹን ነው የተናገርኩት። ከዚያ የባሰ የምፈራው ነገር ነበረኝ። አባዬ እየደከመ ነው። ከመሞቱ በፊት በራሴ ስም እንዲመርቀኝ እፈልግ ነበር፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከዚህ ሌላ የጓጓሁለት ነገር አልነበረም። እኔ ግን በየቅዳሜው ስሜን ከደረጃው ሥር አውልቄ የምወጣ ሰው ሆኛለሁ።

ከሰዓት በኋላ ኦሪት ዘፍጥረትን አነብለት ነበር። ይስሐቅ ዓይኑ የፈዘዘበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄን ሳልቀይር ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጥኩ።

«ዘለልክ» አለኝ።

«አልዘለልኩም አባዬ።»

«ብጣሽ፣ ወረቀትም ጨርቅ ነው። ሁለት ቅጠል አብሮ ሲገለጥ ድምፁ ይወፍራል።» ራሱን ትራሱ ላይ አስተካከለ። «ግዴለም፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያዕቆብ ስሙን ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሁለት ጊዜ። አንዴ ዕውር አባቱ ጠየቀው፤ የወንድሙን ስም ሰጠና ምርቃቱን ወሰደ። ምን አደረገለት? ይዞት ሸሸ። ሃያ ዓመት ሰው አገር ኖረ፤ ልኩ ያልሆነ ልብስ ለብሶ እንደሚሄድ ሰው። ሁለተኛ ወንዙ ዳር፣ ሲታገለው ያደረው ጠየቀው። ‹ስምህ ማን ነው?› የሚያውቀውን ለምን የጠየቀው ይመስልሃል?»

መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አጠፍኩት።

«ሰውዬው ራሱ እንዲሰማው ነዋ» አለ አባዬ። «እግዚአብሔር የሌለ ሰው አይባርክም። መጀመሪያ መኖርህን መናገር አለብህ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና «ለእናትህ ንገራት፤ ቅዳሜ ሁለታችሁንም እመርቃለሁ። አብራችሁ ኑ» አለ።

አብራችሁ! እናቴ ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«አንዱ ታሟል እንበለው» አለች።

«የትኛው?»

መልሱ ከአፏ ሳይወጣ ገባኝ። ጣቃ ታሟል ካልነው ይደነግጣል፤ ሳያየው መሞት አይፈልግም። ብጣሽ ታሟል ካልነው ግን «ይማረው» ብሎ ያልፈዋል።

«ልጄ፣ ለእሱ ብለህ ነው» አለችኝ፤ እጄን ሳመችው። በጨው የተቆራረጠው ቦታ ላይ ነው የሳመችኝ።

ቅዳሜ ኮቱን አወጣሁ። አጥሯል። ያን ቀን አልፈታሁትም። ለበስኩት፤ የእጄ አንጓዎች ውጭ ቀሩ። እጄንም ጨው አላስነካሁትም። እናቴ አየችኝ፤ ከኋላዬ ደረጃውን ተከትላኝ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ክፍሉ በፀሐይ ተሞልቷል። አባዬ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ ተበጥሯል። ያበጠረው ማን እንደሆነ በኋላ ጠይቄ እናቴ እሷ እንዳልሆነች ነግራኛለች። በስተቀኝ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ አውራ ጣቱ በክንዴ ወረደ፤ ከጠርዙ አልፎ ራቁቱን አንጓዬን አገኘ፤ ቆመ።

«ማን ነህ ልጄ?»

ጣቃ ነኝ ለማለት ትንፋሽ ሰብስቤ ነበር። ድምፁ ተዘጋጅቷል። እሱ የሚስቀው ሳቅ እንኳ ከኋላው ተሰልፏል። በሩ ላይ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ስትከት ይታየኛል። የሐኪሙን ቃልም አስታውሳለሁ፤ ሁለተኛውን አይችለውም። አባቴን በገዛ ስሜ ልገድለው ነው ብዬ አሰብኩ።

«ብጣሽ ነኝ አባዬ» አልኩ።

አልደነገጠም። ለረጅም ጊዜ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀና ቀስ ብሎ «እንኳን መጣህ» አለኝ። «ብዙ ጠበቅኩህ።»

«ታውቅ ነበር?»

«የእናትህን ስፌት የማላውቅ ሰፊ ነኝ? ሙዝ የሚያህል ነጠላ ስፌት ነው የምትሰፋው።» እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። «የመጀመሪያው ቅዳሜ ክንዱ አንተ መሆንህን ነገረኝ። ጣቃ ራሱ ለምን እንደማይመጣ ግን አልገባኝም ነበር። ማክሰኞ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ተቀምጦ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ሁሉንም። አትቆጣው አለኝ፤ አንተን ማለቱ ነው። ኮቱንም ይልበሰው፣ ልኬን ግን አይንካብኝ አለ።»

ያለሁበት ወንበር ጠበበኝ።

«ቦታውን ልቀቅለት» አለ አባዬ። «ናና በቦታህ ሁን።»

ኮቱን አወለቅሁና ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀልኩት። አልጋውን ዞሬ በስተግራው፣ እኔ በምቀመጥበት በኩል፣ ተንበረከክሁ። አባዬ ቀኝ እጁን አነሳ፤ በደረቱ ላይ አሻግሮ ራሴ ላይ ጫነው። ቀኙ የበኩር ልጅ ድርሻ ነው። ያዕቆብ ሲያረጅ የልጅ ልጆቹን እንዲህ እጁን አስተላልፎ እንደመረቃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እዚያ ታናሹ እኔ መሆኔን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ግራ እጁ ተነሳ።

ከስትሮኩ ወዲህ አንድ ጣቱ እንኳ ተነቃንቆ አያውቅም። ሲታጠብ እኔ ነኝ የማነሳው፤ ክብደቱን አውቀዋለሁ። ተነሳ፤ በቀኝ እጁ ላይ አልፎ ወደ ባዶው ወንበር ተዘረጋ፤ የተቀመጠ ሰው ራስ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ቆመ። አልተንቀጠቀጠም። ጣቶቹ ትንሽ ሰመጡ፤ ጸጉር ውስጥ እንደሚሰምጡት።

መረቀን። ምን እንዳለ አልጽፈውም፤ የሁለት ሰው ነው። ሲጨርስ «አሜን በሉ» አለ።

«አሜን» አልኩ።

ሁለቱም እጆቹ ወረዱ። ግራው እንደ ድሮው ሆኖ ወደቀ፤ ዳግመኛም አልተነሳም። አባዬ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖሮ፣ ሳይደነግጥ ሞተ። ያን ቅዳሜ ተነስቼ ወደ በሩ ስሄድ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሁለት ጊዜ አሜን ያልከው ለምንድን ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ከእንግዲህ በዚህ ቤት አልዋሽም ብዬ ገና መወሰኔ ነበር።

«አንዴ ነው ያልኩት እማዬ።»

ወንበሩን አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች፤ የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች፣ ልጅ ብርድ እንዳይመታው እንደምትቆልፍ እናት፣ አንድ በአንድ ቆለፈቻቸው። እጅጌውን አልነካችውም።