የእትዬ ጥሩአየሁ ክርን

እንደ ቤተ ዘመድ የሚያስቸግረኝ በሽታ የለም። ስብራቱ ይገጥማል፣ ጄሶው ይወልቃል፣ ቤተ ዘመዱ ግን አይለቅም። እኔ በሽተኛዬን ይንቀሳቀሱ ስል እነሱ ከበር ላይ ሆነው ኧረ ይረፉ ይላሉ። ስንት ታግዬ ያፍታታሁትን ክንድ ቤት ወስደው በጋቢ ይጠቀልሉታል። የምሠራው መቱ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የሰው መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ፣ እንደ መቀስ በምትከፈት የፕላስቲክ መለኪያ እለካለሁ። መለኪያዬ ያሳየችኝን ነው የምናገረው፤ ማንም ቢለምነኝ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

እትዬ ጥሩአየሁ የመጡት ከሁሩሙ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከጓሮ ሲመለሱ ጭቃ አዳልጧቸው በቀኝ ክርናቸው ወደቁ። አጥንቱ በደንብ ገጥሟል፣ ጄሶውም ከወለቀ ቆይቷል፤ ክርናቸው ግን እጃቸው አፋቸው እስኪደርስ አይታጠፍም። ክርን ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በጊዜው ካላሠሩት እንደደረቀ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ እኔም ሌላም ሰው ምንም ልናደርግለት አንችልም።

ሦስት ልጆች አሏቸው። የበኩር ልጃቸው ሰይፈ ሚካኤል እዚሁ መቱ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ ትንቢት ኖፓ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ታናሽየው ማሙሽ ኡካ ውስጥ ወረዳ ቢሮ ይሠራል። እናታቸው ከወደቁ ጀምሮ በየተራ ሁሩሙ እየሄዱ ያጎርሷቸዋል። ማጉረስ ስል የበዓል ጉርሻ እንዳይመስላችሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ውሃው እንኳ ሳይቀር፣ በሰው እጅ ነው።

ይህን የሰማሁ ቀን ደሜ ፈላ። ሦስቱንም ሰብስቤ፣ በፍቅር ብዛት እጃቸውን ልታደርቁት ነው፣ እባካችሁ ተዋቸው አልኳቸው። የትንቢት ዓይን እንባ ሞላ። ማሙሽ ሃርሜን ትራብ ነው የምትይው ብሎ ተቆጣኝ፤ ከኦሮሞ ጓደኞቹ ጋር ያደገ ስለሆነ እናቱን የሚጠራው ሃርሜ እያለ ነው። ሰይፈ ሚካኤል ብቻ ነገሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። ሱቁን እየዘጉ መመላለሱ ሰልችቶታል።

አልተዉም። በየቀጠሮው እለካለሁ፣ በየቀጠሮው ያው ነው። እትዬ ጥሩአየሁ እጃቸውን ደረታቸው ድረስ ያመጡና ያቆሙታል፤ ከዚያ አንገታቸውን ወደ እጃቸው ዝቅ ያደርጋሉ። አንገት አይደለም የምለካው እላለሁ። እሺ ልጄ ይሉኛል፣ መልሰው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቤቴ ገብቼም ወሬዬ ይኸው ክርን ሆነና ባሌ ሰለቸው።

አንድ ማክሰኞ ትዕግሥቴ አለቀ። ክርን የሚለካው በሁለት መንገድ ነው፤ በሽተኛው ራሱ ሲያጥፈው፣ ደግሞም እኔ ይዤ ሳጥፈው። እሳቸው ሁልጊዜ አመመኝ እያሉ አያስነኩኝም ነበር። ያን ቀን ወሬ አስጀመርኳቸው። ማሙሽ በልጅነቱ የንብ ቀፎ ነካክቶ ፊቱ እንዴት እንዳበጠ እየነገሩኝ ሲስቁ፣ ክንዳቸውን ቀስ ብዬ ይዤ አጠፍኩት። ጣታቸው ከንፈራቸውን ነካ። ፊታቸው እንኳ አልተጨማደደም። ጡንቻው ደክሞ ይሆናል ብዬ እጃቸውን ተጭኜ ይግፉኝ አልኳቸው፤ ገፉኝ፣ ያውም እንደ ጎረምሳ።

ግራ ገብቶኝ መለኪያዬን ላነሳ ዞር ስል፣ አንድ ሽማግሌ ክፍል ተሳስተው በሩን ከፈቱት። የእትዬ ጥሩአየሁ ነጠላ ከራሳቸው ላይ ተንሸራቶ ነበር። በቀኝ እጃቸው ላፍ አድርገው ራሳቸው ላይ መለሱት። ሽማግሌው ይቅርታ ብለው ወጡ፤ እኛ ሁለታችን ተያየን።

በጣም ተናደድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ልጆቹን ስወቅስ፣ እንቅልፍ አጥቼ ሳስብ የከረምኩት ለዚህ ነው? በሩን ዘጋሁና፣ እትዬ፣ ይህ እጅ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታጠፈው ብዬ ጠየቅኳቸው።

የነጠላቸውን ጥለት ይዳብሱ ጀመር።

«ካጠፍኩት ይሄዳሉ» አሉኝ። «ከመሰበሬ በፊት ማሙሽን ያየሁት ለፋሲካ ነው። እሱም ሳይቀመጥ ነው የሄደው።»

ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቁጣዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የቀረውን ልጨርስ ብዬ እጅዎን ይዘርጉ አልኳቸው። ዘረጉት፤ እሱ ግን እውነትም ጎበጥ እንዳለ ቀረ። የተሰበረ ክርን መዘርጋቱ ነው የሚዘገየው። እኔ ራሴ ይዤ ሞከርኩት፣ አሁንም አልሄደልኝም። በሥራ ዘመኔ ጎዶሎ ልኬት እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስቱም ልጆች እንዲመጡ አደረግኩ። እጃቸው አፋቸው ይደርሳል፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳያጎርሳቸው አልኩ። እትዬ ጥሩአየሁ መሬት መሬቱን አዩ።

«የቀረው መዘርጋቱ ነው» አልኳቸው። «ለዚያ ደግሞ እሳቸው ናቸው የሚያጎርሷችሁ። እሑድ እሑድ ሦስታችሁም ገበታውን ከብባችሁ ራቅ ራቅ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። እንዳትጠጓቸው። እጃቸውን ዘርግተው አፋችሁ ድረስ ይምጡ።»

ማሙሽ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሕክምና ነው አልኩት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰይፈ ሚካኤል እናቱን ይዞ መጣ። ፊቱ ደስ አይልም። እሑድ እሑድ ሱቁ እየተዘጋ እንደተቸገረ፣ ትንቢትም መንገዱ እንደሰለቻት ከበሩ ጀምሮ ነገረኝ። እትዬ ጥሩአየሁን አስቀመጥኳቸውና ክንድዎን ይዘርጉ አልኳቸው። ክንዳቸው ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። መለኪያዬን ክርናቸው ላይ አደረግኳት፤ ምንም የጎደለ የለም። ቀና ስል እሳቸው የሚያዩት እኔን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር።

«እህሳ ሲስተር፣ እናታችን ጨረሱ?» አለኝ ሰይፈ ሚካኤል።

መለኪያዬን አጠፍኩና ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

«ገና ናቸው» አልኩት።