በጀልባው ስልክ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች

ባርዱር እንደሚለው፣ ደዋዮች የጀልባውን ሰዓት ሳይሰሙ ስልኩን የሚዘጉት የሱንቫ ሰላምታ ስለሚረዝምባቸው ነው። ሱንቫ ደግሞ ሰላምታዬንማ እስከ መጨረሻው ነው የሚሰሙት፤ የሚሸሹት ባርዱር ባለፈው ወር ከጨመረው የኮምፒውተር ድምፅ ነው ትላለች።

ሁለቱም የሚሠሩት በፋሮ ደሴቶች፣ በአንድ ትንሽ የጀልባ ድርጅት ውስጥ ነው። እሱ የስልኩንና የኮምፒውተሩን ሥራ ይይዛል፤ እሷ ትኬት ትሸጣለች። ደውሎ የጀልባ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ለዓመታት የሰማው የእሷን የተቀዳ ድምፅ ነው። ሱቅ ስትገባ «ጀልባዋ መጣች!» ይሏታል፤ እሷም ደስ ይላታል። አሁን ግን ሰዓቱ በነፋሱ የተነሳ በቀን ውስጥ ስለሚቀያየር፣ እሷ የቀዳችው ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ሲደርስ ሰዓቱን ኮምፒውተሩ በሌላ ሴት ድምፅ ተቀብሎ ያነበዋል። ሥራ አስኪያጇ ማርዩን፣ «በዚህ ዓይነት አይቀጥልም። ከሁለቱ ድምፆች አንዱ ይውጣ፤ ከምሳ በኋላ ንገሩኝ» ብላቸዋለች።

«ከምንጨቃጨቅ ደዋዮቹን እንስማቸው» አለች ሱንቫ።

ባርዱር የተቀዱ ጥሪዎችን ከፈተ። የመጀመሪያው ደዋይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሱንቫን ሰላምታ እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡ። «ወደ ደሴቱ የሚሄደው ጀልባ ዛሬ የሚነሳው...» አለች ሱንቫ፤ የኮምፒውተሯ ድምፅ ተቀበለቻት።

«ውይ፣ እንዴት ነሽ ልጄ!» አሉ ሽማግሌው በላይዋ ላይ። «ሱንቫ ስልኩን ሰጠችሽ እንዴ? የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ኮምፒውተሯ ሰዓቱን አንብባ ጨረሰች። እሳቸው አልሰሟትም።

«ከየትኛው ቤት ነሽ? አባትሽን ሳላውቀው አልቀርም።»

ዝም።

«ኧረ ኩራቷ!» ብለው ዘጉ።

ቀጥላ የደወለች ሴት ኮምፒውተሯን «እናትሽ ደኅና ናት?» ብላ ጠየቀቻት። ሦስተኛው አዲስ ሠራተኛ መስላው «በርቺ» አላት። ባርዱር እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ሰላምታሽ አይረዝምም፤ ተረታሁ» አለ።

«እኔም ተረትቻለሁ። እሷን ማን ሸሻት? ሰው መስላቸው እኮ ነው የሚያዋሯት።»

«እንግዲያው ቀላል ነው። የቀዳሽውን ሁሉ ለኮምፒውተሩ ልስጠውና በአንቺው ድምፅ ይናገር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሱንቫ!»

ልቧ ወደዚያ አዘነበለ። ከዚያ ሱቁ ትዝ አላት። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ሰው ወደብ ላይ ሲዘነብበት ቢውል፣ «ይነሳል ብለሽኝ አልነበር?» የሚባለው ለማን ነው? እሷ ያላለችውን ቃል በእሷ አፍ!

ማርዩን በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። «እህሳ፣ የትኛዋ ትውጣ?»

ባርዱር ወደ ሱንቫ ዞረ።

«እኔ» አለች ሱንቫ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሷው ትናገር። ግን ስልኩ እንደተነሳ፣ ‹እኔ ኮምፒውተር ነኝ፤ የማንም ልጅ አይደለሁም› ትበል። መጨዋወት የፈለገ ዜሮን ይጫን፤ የማነሳው እኔ ራሴ ነኝ።»