የዙሀራ ድስት

«እንግዲህ ‹ልግባ?› ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? አትግባ ልበለው?»

«አዎ አባባ! አትግባ ይበሉት! ፋየርዎሉ፣ የኮምፒውተሩ ዘበኛ፣ የሚጠይቅዎት እንዲከለክሉ እኮ ነው!»

ጋሽ ገብረ መድህን ልጃቸውን ዳናዊትን ቅር ብሏቸው አዩዋት። ጡረታ የወጡ የአሰላ መምህር ናቸው፤ በራቸውን ያንኳኳ ሰው ሳይገባ ተመልሶ አያውቅም። ኮምፒውተሩም «ይፈቀድ?» ባላቸው ቁጥር «ይፈቀድ» የሚለውን ሲጫኑ ከርመዋል።

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የማውሷ ቀስት ስክሪኑ ላይ ብቻዋን ስትሄድ አየሁ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሥራውን ይጨርስ ብዬ ማውሱን ለቀቅኩለት።»

ዳናዊት ልትስቅ ብላ የእናቷ ድምፅ ትዝ አላት። እናቷ አሰፋች በቆጂ ስታስተምር ደብዳቤ መጻፍ ይሰለቻት ነበርና ድምፅዋን በካሴት እየቀዳች በአውቶቡስ ሹፌር ትልክላቸው ነበር። አሰፋች ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ካሴቶቹም ተበላሽተዋል። የቀረው ድምፅዋ ቀድሞ ተገልብጦ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ያ ቀስቷን ከሩቅ የሚነዳው ሰው ፋይሎቹን ቆልፎባቸው ቢሄድስ?

የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች። ፋይሎቹን ስትከፍት ሁሉም አሉ። ወደ ፍላሽ ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ የኮምፒውተሩን ውስጥ በሙሉ አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነችው፤ ፋይሎቹንም መለሰችበት። ቀኑ በዚሁ ሊመሽ ተቃረበ።

«አሁን የዋይፋዩን የይለፍ ቃል እቀይራለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ዙሀራስ? ሩቅ ያለ ልጇን በስልኳ የምታየው በዚህ ነው።»

«ለእንግዳ የተለየ የዋይፋይ መስመር አወጣለሁ። ከእርስዎ ኮምፒውተር ጋር አይገናኝም።»

«ጎረቤቴን ለብቻዋ ላስቀምጣት? ነውር አይደለም እንዴ!»

ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዙሀራ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሰምታለች።

«ጋሼ፣ ለፋሲካ ሲጋብዙኝ የኔን በግ ማን ነው የሚያርደው?»

«አብዶ ነዋ፤ ሙስሊም ያረደውን አይደል የምትበይው?»

«የሚሠራውስ በማን ድስት ነው?»

«ባንቺው ድስት። አሰፋች የገዛችልሽ፣ ማንም የማይነካው።»

«ለብቻዬ ተሠራልኝ ብዬ ተቀይሜ አውቃለሁ?»

ጋሽ ገብረ መድህን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በይ መስመሩን አውጪው። ስሙን ግን ‹የዙሀራ ድስት› በይው።»

ዙሀራ ተንከትክታ ሳቀች። ዳናዊትም የተባለውን ጻፈች። ከዚያ አባቷን አስቀምጣ አለማመደቻቸው፤ የማያውቁት ነገር ልግባ ሲል «አይፈቀድ» የሚለውን ይጫናሉ። ተጫኑ፤ በለሆሳስም «ይቅርታ» አሉት።

«ይቅርታው ይቅር አባባ።»

«ምን አለበት?»

ጋሽ ገብረ መድህን ከአሰፋች ድምፅ አንድ ብቻ እንስማ አሉና አንዱን ፋይል ከፈቱት። መጀመሪያ የካሴቱ መንሿሿት፣ ከዚያ አሰፋች መጣች፦ «ገብሬ፣ የበቆጂ ብርድ ሊገድለኝ ነው። ካልሲ ላክ አልኩህ፣ አንተ ግጥም ትልካለህ…»

«ውይ አሱ!» አለች ዙሀራ ወንበር እየሳበች።

«ኋላ ልኬላታለሁ እኮ!» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን። «የሱፍ ካልሲ! ሲደርሳት እዚሁ ካሴት ላይ ጨምራ ቀድታዋለች፣ ስሚ።»

ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ዳናዊት ወደ ቤቷ የሚወስዳት የአዳማው ሚኒባስ ሳያመልጣት ቦርሳዋን አነሳች፣ ነጠላዋን አጣፋች። እናቷ ስለ ደረሳት ካልሲ መናገር ስትጀምር ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ገጠመችው።