የሙሽራዋ መልስ

አምባገነኑ ከሞቃዲሾ በሸሸበት ዓመት ወደ ሐርጌሳ ተመለስኩ። አዲስ አበባ ሕግ ተምሬያለሁ፤ በተማርኩት ላይ ግን እምነቴ ሳስቶ ነበር። አባታችን አገዛዙ ከተማዋን በቦምብ ሲደበድብ ሞቷል፤ ከቤታችን የቀረው ግድግዳው ነው። እህቴን ናዋልን ደግሞ ሳኪሪያ የሚባል የአገዛዙ መርማሪ እስር ቤት ውስጥ ደጋግሞ ደፍሯታል።

ሳኪሪያ አልሸሸም። እዚያው ከተማ በዘመዶቹ መሀል ይኖር ነበር። ጎሳው አሳልፎ ካልሰጠው ሸንጎ ፊት የሚያቆመው የለም። ሽማግሌዎቻቸው ቤታችን መጥተው፣ «ነውሩን እንሸፍነው፤ ያግባት» አሉን።

በማግስቱ ናዋል ወገቤ ላይ ሽጉጥ አየች።

«ይኼ ነው ስድስት ዓመት የተማርከው ሕግ?»

«ልገድለው ነው።»

«ትገድለውና ሰው የአንተን፣ የማህዲን፣ ወንድነት ያወራል። በእኔ ላይ የሠራውን ማን ያወራልኛል? እሺ በላቸው። ኒካው ግን እዚህ ግቢ ይሁን፤ ዘመዶቹ አንድም ሳይቀሩ ይምጡ።»

ያበደች መሰለኝ። እሺ አልኳቸው።

በኒካው ቀን ወንዶቹ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሳኪሪያ ነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ተነስንሶ መጣና «አማቼ!» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም። ሼኩ እንደ ደንቡ የሙሽራዋን ፈቃድ የሚጠይቁ ሁለት ምስክሮች ወደ ሴቶቹ ክፍል ሊልኩ ሲሉ ናዋል ራሷ ወጣች።

«ሼክ፣ ያለ ፈቃዴ ኒካ ይታሰራል?»

«አይታሰርም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው መልሴን እዚሁ ስሙት። ይህ ሰው እጄን በሽቦ አስሮ ደፍሮኛል። ስጮህ ሬዲዮ ይከፍት ነበር። አላገባውም። ይፈረድበት!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ መንገደኛ ይሰማል!» አሉ አጎቱ ጅብሪል።

ወደ አጥሩ ተጠጋችና ድምጿን ከፍ አደረገች። በእኛ ዘንድ ሕፃን አፉን ሲፈታ የአባቶቹን ስም እንደሚደረድረው፣ የሳኪሪያን የዘር ሐረግ ትደረድር ጀመር።

«የደፈረኝ ሳኪሪያ ነው፣ የዋርሳሜ ልጅ! የደፈረኝ የጉሌድ የልጅ ልጅ ነው!»

ከአጥሩ ውጭ ሰው ተሰበሰበ።

«ጉሌድ እኮ አባቴ ነው!» አሉ ጅብሪል። «ሙት አትጥሪ!»

«አዴር፣ አጎቴ፣ አባትዎን ከዚህ ሰው ይለዩልኝና እተዋለሁ። የደፈረኝ የሮብሌ ዘር ነው! የሂርሲ ዘር ነው!»

እያንዳንዱ ስም የእነሱም ስም ነበር። ወንዶቹ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። እጄ ሽጉጡ ላይ ነበር፤ ሳኪሪያ ግን ወደ እኔ ዞሮም አላየ። የሚፈራው የእሷን አፍ ነበር።

«ወላሂ በቃ!» ብለው ጅብሪል ተነሱ። «ከዛሬ ጀምሮ የእኛ አይደለም። ሸንጎ ይፍረድበት፤ የሚቆምለት ዘመድ የለውም።»

ሳኪሪያ የአጎቱን ሽርጥ ጫፍ ይዞ ተማጸነ። ነጥቀውት ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። የሰፈሩ ሰዎች ገብተው እጁን ያዙት።

ሸንጎው ምን እንደሚፈርድ አላውቅም ነበር። «ናዋል፣ ይበቃል፤ አሳልፈው ሰጡት» አልኳት።

«ለአንተ ይበቃል» አለችኝ፤ ወደ አጥሩ ዞራም ቀጣዩን ስም ጠራች።