ቀለም ያልቆጠረው አራሚ

ጎረቤቶቿ ምላሷን ፈርተው ምላጭ ይሏታል። ያን ዕለት የልጇን መሥሪያ ቤት በር ስትከፍት ምላጩ ተስሎ ነበር። ታላቅ ወንድሟን በክንዱ ይዛዋለች፤ ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኖ የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው።

«እማዬ፣ ምነው በደህና?» አለች ልጅቱ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ።

«ምን ደህና አለ። ደም ሊመረመር የሄደውን አጎትሽን ማዋለጃ ክፍል አስገባሽው።»

የሆስፒታሉን የመንገድ ምልክት የነደፈችው ልጅቱ ናት። ወለሉ ላይ ሁለት መስመር ነው፤ ቀዩ ወደ ላቦራቶሪ፣ አረንጓዴው ወደ ማዋለጃ። ፊደል የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ቀዩን ይዣለሁ ብሎ ምጥ መሃል ሲገኝ፣ ዘበኛው ሰው ሁሉ እየሰማ «ቀለም ያልቆጠረ ሰው መከራ ነው» እያለ ጎትቶ አወጣው። እሱን ነው እንግዲህ እንዲህ ያለው። ፊደል ያልቆጠረችውን ምላጭን ቢላት እውነቱን ነውና በተወችው።

«እማዬ፣ ፊደሉን የተውነው እኮ እንዳንቺ ማንበብ ለማይችሉ ብለን ነው።»

«እኔን ምክንያት አታድርጊኝ። እኔ አፍ አለኝ፣ እጠይቃለሁ።»

ልጅቱ የሆስፒታሉ ካርታ ያለበትን ስክሪን ወደ አጎቷ አዞረች። «ጋሼ፣ ቀዩ የቱ ነው?»

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ሁለቱም የደረቀ ቅጠል ነው የሚመስሉኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ። እናንተ ቀይ ስትሉ እኔም ቀይ እላለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ከእኔም ደበቅህ?» አለች ምላጭ።

«ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ፣ እህት ዓለም።»

መሳቋ አይቀርም ነበር። ይኼ ደግሞ ባሰባት።

የልጅቱ አለቃ ጫጫታውን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። «እትዬ፣ ቀለም የማይለይ ሰው ጥቂት ነው። ሥራው ደግሞ ጸድቋል።»

«ጥቂት ሲሆን በክንዱ ይጎተታል?»

ልጅቱ ካርታውን በጥቁር ብቻ አትማ አለቃዋ ፊት ዘረጋችው። ሁለቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ። «ከበሩ ይነሱና ላቦራቶሪ ይድረሱልኝ» አለችው። ጣቱን አስከትሎ ሄደ፤ መስመሮቹ የሚተላለፉበት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ሰኞ እናየዋለን» አለ ጣቱን ሰብስቦ።

ምላጭ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስከ ሰኞማ ስንቱ ይጎተታል። አሁን እዩት፣ እኔ አልቸኩልም።»

ልጅቱ አንዱን መስመር ነጠብጣብ ማድረግ ጀመረች። አለቅየው እንደተገተረ ቀረ።

«ቆመህ ምን ይታይሃል፣ ቁጭ በል» አለችው ምላጭ። ቁጭ አለ።