በሙሉ ተቀብያለሁ

«እዚህ ላይ ነው?» አሉ ወይዘሮ በየነች። አውራ ጣታቸው በማኅተም ቀለም ሰማያዊ ሆኗል።

«አዎ፣ ከታች» አለች ዐፊፋ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። ከሚዛን እስከ ሸኮ በመኪና፣ ከአስፋልቱ ወዲህ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ጭቃ ስታቦካ ነው የመጣችው። ማታ የጀመረችው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፌት ሳያልቅ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ጥላው ወጥታለች።

ወንድሟ ካሊድ አንድ የከተማ ቦታ ለሦስት ሰው ሸጧል። ሐሰተኛ ካርታ አሠርቶ፣ ለሦስቱም ምሎ። ሰባት ዓመት ተፈርዶበት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አሁን ለይቅርታ ማመልከት ይችላል፤ የተበደሉት ሰዎች ግን ታርቀናል ብለው መፈረም አለባቸው። ለሁለቱ፣ ለነጋዴውና ለአስተማሪው፣ ዐፊፋ የአባታቸውን ሱቅ ሸጣ ከፍላለች። ሦስተኛው ተበዳይ የወይዘሮ በየነች ባል አቶ ተካ ነበሩ። ልጆቻቸው ሚዛን ቤት ኖሯቸው እንዲማሩ ብለው በሬያቸውንና የሦስት ዓመት ቡናቸውን ሸጠው ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ሰጡት። የተመለሰላቸው ስምንት ሺህ ብቻ ነው። ፍርዱን ሰምተው ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ።

ወረቀቱን የጻፈው ራሱ ካሊድ ነው። ጽሕፈቱ ስለሚያምር የእስረኛውን ሁሉ ማመልከቻ የሚጽፈው እሱ ነው። ባለፈው እሁድ ምግብ ስትወስድለት አቀበላት።

«ማንበብ አይችሉም» ነበር ያላት። «የእርቅ ነው በያቸውና አሻራ ያድርጉ። ምስክሮቹን እኔ እዚሁ አዘጋጃለሁ።»

ዛሬ ጠዋት መኪናው ውስጥ ነው ያነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ «ሠላሳ ሁለት ሺህ ብሩን በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ይላል።

«ተካም ሳይሞት ይቅር ብሎታል» አሉ ወይዘሮ በየነች። «እኔ ምን ቂም እይዛለሁ? እናትሽ ደኅና ናት?»

«አምና ሞተች።»

«እኔን! እንግዲያ ብቻሽን ነሽ የምትመላለሺው» ብለው ጣታቸውን ወደ ወረቀቱ ሰደዱ።

ዐፊፋ ወረቀቱን ሳብ አደረገችው።

«ይቆዩ እማማ። ላንብብልዎ።»

«ምኑ ይነበባል? የእርቅ ነው አላልሽኝም?»

«ቢሆንም።»

አነበበች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ድምጿ አነሰ፤ ግን አልዘለለችውም።

ወይዘሮ በየነች ካፊያ ጀምሮ ስለነበር ተነሥተው ወጡና ደጅ የተሰጣውን ቡና በላስቲክ ሸፍነው ተመለሱ።

«በሙሉ አልተቀበልኩም» አሉ ሲቀመጡ።

«አልተቀበሉም።»

«ታዲያ ለምን አነበብሽልኝ? ብትተይው አሻራዬን አድርጌልሽ ነበር እኮ።»

«ደክሞኛል እማማ» አለች ዐፊፋ።

ሴትዮዋ አውራ ጣታቸውን በኮባ ቅጠል ፈተጉ። ቀለሙ እምቢ አለ።

«ይቅርታዬን አልከለከልኩትም። ገንዘቡን ተቀበልኩ ግን አልልም፤ የልጆቼ ነው» አሉና ፊቷን አይተው ድምፃቸውን አለዘቡ። «ለሱ፣ ቤታቸው ሄጄ አጣኋቸው በይው። ወንድምሽ ነው፣ በኔ የተነሳ አትቀያየሙ።»

የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡላት። ሁለት ጎርሳ አመሰገነችና ወጣች።

አስፋልቱ ዳር መኪና ስትጠብቅ ስልኳ ጠራ። የማረሚያ ቤቱ ቁጥር ነው።

«አሻራ አደረጉ?» አለ ካሊድ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«አላደረጉም።»

«ምነው፣ አጣሻቸው እንዴ? ችግር የለም፣ ሐሙስ ትመለሻለሽ። ገበያቸው መቼ እንደሆነ ጠይቂና…»

ድምፁ እንደ ድሮው ነው፤ ሁሉም ነገር ቀላል መሆኑን የሚያሳምን። አጣኋቸው ማለት አሁን አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ ሐሙስ ይመጣል፣ ከሐሙስ በኋላ ደግሞ ሌላ ሐሙስ። ከቴፒ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ ኩርባውን ሲዞር አየችና እጇን አነሳች።

«አገኘኋቸው» አለችው። «የጻፍከውን አነበብኩላቸው።»