የክሬሴንሲዮ ቆርቆሮ

«እጅህን ከወሳንሳው ላይ አንሳ» ያለኝ ዶን ኤቮዲዮ ላራኛጋ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ጠዋት፣ በመንደራችን በላ ኖሪያ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ። ሚስቱ አጠገቡ ነበረች፤ ሥጋ ሻጩ ፕሩደንሲዮም ነበር። ሁለቱም ሳቁ። የቅዱሱ ምስል የተቀመጠበትን ወሳንሳ ልሸከም ጎንበስ ብዬ ነበር።

«ይሄን የሚሸከመው ዘሩ የታወቀ ሰው ነው፣ አቡንዲዮ። ያንተን አያት ጎርፍ ነው ያመጣው።»

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። እሱ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ አባቱም ነበር። እጄን አነሳሁ።

ዘሬን ላጣራ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። የጥምቀት መዝገቡን ገልጠው ከአያቴ ስም ጎን «አባቱ ያልታወቀ» የሚለውን አሳዩኝ። ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ በሳምንቱ መጠጥ ቤት ስገባ «ጎርፉ መጣ፣ ብርጭቆ አንሱ» ይሉኝ ጀመር።

አክስቴ ኒካኖራ ግን ተቆጣችኝ።

«አንተ ደነዝ፣ የሚታደን ሰው ልጁን በስሙ ያስጠምቃል? ቅድመ አያትህ ክሬሴንሲዮ ይባላል። ሲሰቅሉት ቅዱሱ ከገመድ ላይ አውርዶታል። አሳዳጁ ሲሞት ተአምሩን ቆርቆሮ ላይ አሥሎ ሥዕሉን ቤተ ክርስቲያን ሰቀለው፤ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። የኤቮዲዮ አባት ሊቀመንበር የሆነ ዓመት ጠፋ።»

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ለበዓሉ ቤተ ክርስቲያኑን የማጸዳው እኔ ሆንኩ። ግድግዳው የዳኑ ሰዎች ለቅዱሱ ምስጋና በሰቀሉት የቆርቆሮ ሥዕል የተሞላ ነው፤ ከበሬ ቀንድ የተረፈ፣ ከወባ የዳነ፣ ሁሉም የሆነውን እንደሆነው አሥሏል። ቅዱስን እየዋሹ አያመሰግኑትም። የክሬሴንሲዮን እየፈለግኩ አንድ በአንድ እያወረድኩ ወለወልኩ። «ኃጢአቱ ቢበዛ ነው» አሉ መንደርተኞቹ።

ዘንድሮ የልብሰ ተክህኖውን ቁም ሣጥን ሳነሳ፣ ከጀርባው የአይጥ ቀዳዳ የተደፈነበት ቆርቆሮ አገኘሁ። በቢላዋ ፈለቀቅኩት። ሥዕሉ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ነበር። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አለ፣ ደመና ላይ ቅዱስ ኢሲድሮ ከነበሬዎቹ። ከታች ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ገመዱን ይጎትታል፤ ትከሻው ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሰይጣን ተቀምጧል። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ «እኔ ክሬሴንሲዮ ሴርቪን በ1861 የዶን ላድስላኦ ላራኛጋን ሁለት በቅሎ ብሰርቅ ያለ ዳኛ ሰቀለኝ። ቅዱሱን ብጠራ ገመዱ ተበጠሰ።»

ሌባ ነው። መሬት ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ይሁን፤ ስም ያለው ሌባ ነው።

በበዓሉ ጠዋት በሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ቸነከርኩት። ፕሩደንሲዮ እስኪጨርስ አነበበና ዞር አለ።

«ዶን ኤቮዲዮ፣ ባርኔጣ ያደረጉት ቅድመ አያትዎ ናቸው ወይስ አረንጓዴው?»

በዚህኛው ቀን የሳቁት በእኔ አልነበረም። ዶን ኤቮዲዮ እጅጌዬን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«አበልጄ» አለኝ። የእኔን ልጅ ክርስትና አላነሳ፣ እኔም የእሱን። «ዘርህ ሌባ መባሉ ምን ይረባሃል? ቆርቆሮውን አውርድና የወሳንሳውን የፊተኛ እጀታ ያዝ። ከእኔ ጎን። ዛሬውኑ።»

እጀታውን አየሁት። የእነሱ እጅ አለስልሶታል። ትከሻዬን በላኝ፤ ስምንት ዓመት የተመኘሁት እሱን ነው።

«ምን ትላለህ አቡንዲዮ? ሰው እየጠበቀ ነው።»

ወደ በሩ ተመለስኩ። የቆርቆሮውን ሚስማር በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ መጥበቁን አየሁና፣ በሕዝቡ መሀል አልፌ ሄድኩ።